የሞተ ዘር ነው?

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ሁለት የችግኝ ሳህን ይዘው መጡ። በአንዱ ሰላጣው ለምለም ብሎ ወጥቷል። በሌላው ቃሪያው ጭራሽ የለም። «ልጄ፣ የሞተ ዘር ሸጠውልኝ ነው!» ሻጩን ሊጣሉ ተነስተዋል።

አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አድርጌ አንዱን ዘር አወጣሁ። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ አልበሰበሰም። ዘሩ ደህና ነው፣ ብርድ ይዞት ነው እንጂ። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቃሪያ ደግሞ የሞቃት አገር ተክል ነው። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆንለት በሳምንት፣ በአስር ቀን ብቅ ይላል። 15 ላይ ሦስት ሳምንትም ላይበቃው ይችላል። ሰላጣ ተቃራኒው ነው። ቀዝቀዝ ሲል ደስ ይለዋል፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙው ዝርያ አልበቅልም ብሎ ይተኛል። ልብ በሉ፣ ወሳኙ ከአየሩ ይልቅ የአፈሩ ሙቀት ነው።

ሳህኑን ላስቲክ አልብሰን ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥነው። እዚያ ሞቅ ይላል። «ብቅ ያለ ቀን ግን ወዲያው ብርሃን ያሳዩት» አልኳቸው። ሙቀት ኖሮ ብርሃን ከጠፋ ችግኙ ቀጥኖ ይመዘዝና ይወድቃል።

ከበቀለ በኋላም ሌሊቱን ቤት ቢያድር ይሻላል። በቀዝቃዛ አፈር ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፤ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ቲማቲም ላይ በደንብ ይታያል። «ማዳበሪያ አንሶት ነው» እየተባለ ስንቱ ችግኝ በዩሪያ ተቃጥሏል መሰላችሁ!

እትዬ ግን ሻጩን አሁንም አላመኑትም።