ደጃፍ ላይ የሚቀረው ክምር

በትንሽ ከተማ የምክር ቤት ምርጫ ደርሶ ሳለ የበረዶ ውሽንፍር ከመጣ፣ ዕጩዎች ለሳምንታት ሲያወሩት የከረሙት ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፦ «የኛ መንገድ መቼ ነው የሚጠረገው?» ግብሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የመናፈሻው አጥርም ለሌላ ቀን ይቆያል። ጥያቄውን በኪሎ ሜትርና በሰዓት መመለስ የሚችል ዕጩ ይደመጣል። የማይችል ያን ሰሞን ደጅ ባያንኳኳ ይሻለዋል።

በአማርኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ባዘቶ ኮሽ ሳይል የሚወርደውንም በረዶ ነው የምንለው። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ያውም ነፋስ ሲገባበት። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት አንድን ማዕበል ውሽንፍር የሚለው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ዓይን ከ400 ሜትር ወዲያ ማየት ሲሳነው፣ ይህም 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። መለኪያው ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ወረደ የሚል ነገር የለም። ትናንት ወርዶ መሬት ላይ የተኛውን ነፋስ ቢያስነሳውም ያው ውሽንፍር ነው። ሰማዩ ሳይጥል የተጠረገ መንገድ ተመልሶ የሚደፈነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መራጩ ግን «አልጠረጉም» ይላል።

በረዶ ሹመኛን ከወንበር ሲያወርድ የመጀመሪያው አይደለም። በቺካጎ በጃንዋሪ 1979 በሁለት ቀን ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ፤ ቀድሞ ከተከመረው ላይ ነው የተደረበው። ከንቲባው ማይክል ቢላንዲክ መንገዱ አለመጠረጉ ሳያንሳቸው፣ ባቡሮች የጥቁሮች ሰፈር ጣቢያዎችን እየዘለሉ ማለፋቸው ሕዝቡን አስቆጣባቸው። በፌብሩዋሪ 27 በተደረገው የፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ በጄን በርን ተሸነፉ። በዴንቨርም በ1982 የገና ዋዜማ የወረደው በረዶ ለቀናት መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ቢል ማክኒኮልስ በተከታዩ ዓመት ምርጫ ከከንቲባነት ወርደዋል። እነዚህ ትልልቅ ከተሞች ናቸው። በትንሽ ከተማ ነገሩ ይብሳል፤ መራጩ የጠራጊውን መኪና ሹፌር በስሙ ያውቀዋል፣ ቤቱንም ያውቀዋል፣ የሹፌሩ መንገድ ቀድሞ ተጠርጎ ከሆነም አይቶታል።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ከተማዋ 60 ኪሎ ሜትር መንገድና አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና አላት እንበል። መሄጃና መምጫ ስላለው ምላጩ፣ ማለትም መኪናው ፊት ላይ የተገጠመው የበረዶ መግፊያ ብረት፣ የሚገፋው 120 ኪሎ ሜትር ነው። መስቀለኛ ላይ እየተመላለሰ፣ መንገዱ ጫፍ እየዞረ፣ በረዶ ማቅለጫ ጨው እየበተነ በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንዱ ዙር 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጨው ሊሞላና ነዳጅ ሊቀዳ የሚመለስበትን ጨምሩና 6 ሰዓት በሉት። በረዶው በሰዓት 3 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከሆነ፣ መኪናው መጀመሪያ የጠረገው መንገድ ላይ ሲደርስ 18 ሴንቲ ሜትር ተኝቶ ይጠብቀዋል። መኪናው ሁለት ቢሆን 9። ሹፌሩም መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አሥር ቶን ይዞ በማይታይ መንገድ ሲነዳ የሚሆነው ይታወቃል።

ስለዚህ «እኔ ከተመረጥኩ ሁሉም መንገድ ከንጋት በፊት ይጠረጋል» ያለ ዕጩ ወይ ስሌቱን አልሠራውም፣ ወይ ሠርቶ ዋሽቷል። ቃል ሊገባበት የሚችል ነገር ግን ሞልቷል። የመንገዶቹ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ፦ ዋናው መንገድ፣ የሐኪም ቤቱና የእሳት አደጋው፣ አቀበቶቹና የአውቶቡስ መስመሩ፣ ከዚያ የሰፈር ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ መውጫ የሌላቸው መንገዶች። ሥራው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጀመር ይወሰን፤ 5 ወይም 8 ተብሎ ቁጥሩ ይነገር። ተጠባባቂ ሹፌር ይኑር። ትራክተር ካላቸው ገበሬዎች ጋር ውል የሚፈረመው ገና ቅጠል ሳይረግፍ ነው፤ በረዶው ከወረደ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጠው ባለ ትራክተሩ ነው። መንገድ ዳር ሌሊት መኪና ማቆም የሚከለከልበት ደንብም ይውጣ፤ አንድ የቆመ መኪና ጠራጊውን ሲያዞረው በሁለቱም በኩል ብዙ ሜትር ሳይጠረግ ይቀራል።

የሰው ቁጣ የሚነሳው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከክምሩ ነው። ሰውየው ሁለት ሰዓት ለፍቶ የመኪና መግቢያውን ያጸዳል፤ ጠራጊው ያልፍና መግቢያው አፍ ላይ ግድግዳ ትቶለት ይሄዳል። ተንኮል አይደለም። ምላጩ ወደ መንገዱ ዳር አጋድሎ የተሠራ ነው፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር የያዘውን ሁሉ በቀኙ ያፈሳል፤ መግቢያ ሲያገኝ ደግሞ ክፍት ስለሆነ እዚያው ያራግፈዋል። ክብደቱ ይህን ይመስላል፦ ገና የወረደ ቀላል በረዶ 10 ሴንቲ ሜትሩ ሲቀልጥ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል፤ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ማለት ነው። 3 ሜትር ስፋት፣ 15 ሜትር ርዝመት ያለው መግቢያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ከተኛ 900 ኪሎ ነው። ረጠብ ያለ ከሆነ እጥፉ። ክምሩ ደግሞ በምላጭ ተጨምቆ የመጣ ስለሆነ በኩብ ሜትር 400 ኪሎ ቢሆን አይገርምም፤ 3 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሆነው 600 ኪሎ ይመዝናል። ያውም ጨው የነካው፣ ሌሊቱን ያደረ፣ አካፋ የማይገባበት።

ክምሩን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ ማሳነስ ግን ይቻላል። መግቢያችሁ ላይ ፊታችሁን ወደ መንገዱ አዙሩ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ጠራጊው በእናንተ በኩል የሚመጣው ከግራ ነው። ከመግቢያው በስተግራ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦታ አጽዱ፤ እንደ ኪስ። ምላጩ የተሸከመውን ኪሱ ውስጥ ያፈስና በራችሁ ጋ ሲደርስ ባዶውን ያልፋል። በአካፋ ያነሳችሁትን በረዶ ግን በስተቀኝ ቆልሉት፤ በግራ ከቆለላችሁት መልሶ ይገፋላችኋል። በግራ በሚነዳበት አገር ሁሉንም ገልብጡት። ይህችን ነገር በአንድ ገጽ ላይ ስሎ ከበራሪ ወረቀቱ ጀርባ ያተመ ዕጩ፣ ወረቀቱ ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፎ ይከርምለታል። ከፊት ያለው ፎቶ ባይታይም።

ስለ ጨው አንድ ነገር ብቻ። መራጭ «ጨው ቆጠቡብን» ሲል መልሱ ቴርሞሜትር ነው። ተራ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሥራው በጣም ይዘገያል፤ ከዚያ ወዲያ የሚበተነው ገንዘብ ነው። በዚያ ብርድ አሸዋ ይሻላል፤ አያቀልጥም፣ ጎማ ግን ይይዛል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ሌላ ዓይነት ጨው ከዚያም በባሰ ብርድ ይሠራል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከማዕበሉ በፊት 23 በመቶ የጨው ብጥብጥ መንገዱ ላይ መርጨት በረዶው ከአስፋልቱ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ቀድሞ ዝናብ ከዘነበ ግን ታጥቦ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቅስቀሳው። ውሽንፍሩ እየነፈሰ ማንንም አትላኩ፤ የሚያንኳኳ ሰው በር ሲያስከፍት የቤቱን ሙቀት ያስወጣል፣ ጥላቻም ያተርፋል። ቤት ለቤት መዞር የሚጀመረው ማዕበሉ ካለፈና መንገዱ አንዴ ከተጠረገ በኋላ ነው፤ ያውም ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት፣ ብርሃን ሳለ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ። ነፋሱ የሚጨምረው ተቆጥሮ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ከደረሰ የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ብርዱ ከዚያ ከቀለለ 40 ደቂቃ ዞሮ መኪና ውስጥ 15 ደቂቃ መሞቅ ጥሩ ልክ ነው። የጥጥ ካልሲ ከረጠበ አያሞቅም፤ ሱፍ ይሁን። አፍንጫ ወይም ጣት ነጣ ብሎ፣ ሰም መስሎ፣ ስሜቱ ከጠፋ አትሹት፤ በረዶም አታስነኩት፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሰውየውም ወደ ሐኪም ይሂድ።

መኪናዋን አስነስቶ መሞቅ ሌላ ጉዳይ አለው። የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከኋላ ዞሮ ማውጫውን በአካፋ ማጽዳት ግዴታ ነው። የቤት ማሞቂያ ጭስ በግድግዳ በኩል የሚወጣባቸው ቤቶችም አሉ፤ ቀስቃሾቹ እግረ መንገዳቸውን ቱቦው ተቀብሮ ካዩ ለባለቤቱ ይንገሩ። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ከመስኮት ይዙር፤ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ ማስነሳት አይበቃም።

ዕቃዎቹ ቀላል ይመስላሉ፣ ሲበላሹ ግን ቀኑን ያበላሻሉ። እስክሪብቶ ብርድ ላይ አይጽፍም፤ እርሳስ ያዙ። የስልክ ባትሪ ውጪ ኪስ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ይወድቃል፤ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ ይሁን፣ የቤቶቹ ዝርዝርም በወረቀት ይኑር። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመ በራሪ ወረቀት እርጥብ ጓንት ሲነካው ፊትና ስም ይቀላቀልበታል፤ በሌዘር ይታተም። ወረቀቱን ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት ደግሞ በአሜሪካ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ቴምብር ከሌለው በር እጀታ ላይ ይንጠልጠል።

ግቢ ላይ የሚተከለው ምልክት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መሬቱ ከጠነከረ ሽቦው አይገባም፤ የበረዶ ክምር ላይ የሰካችሁት ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ አፍንጫውን ይደፋል። ባልዲ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ፣ ውሃ አፍስሶ፣ ሽቦውን አቁሞ ሌሊቱን ደጅ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ከመንገዱ ጠርዝ 4 ሜትር ወደ ውስጥ ይራቅ፣ ምላጩ የሚወረውረው እንዳይቀብረው። ከሁሉ የከፋው የተቀበረ ሽቦ ነው። የሰፈሩ ሰው በረዶ የሚተፋ ማሽኑን ሲነዳ ሽቦው ጥርሱ ላይ ይጠመጠምና ማሽኑን ያስቆመዋል፤ ያንን ስም ይዞ ድምፅ መጠየቅ ከባድ ነው። ትንበያ ሲሰማ ምልክቶቹን ነቅሎ መሰብሰብ፣ ሲረጋጋ መመለስ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሄው ነው።

አካፋ ይዞ ፎቶ መነሳትስ? የአዛውንቶቹን ደረጃ መጥረግ ደግ ሥራ ነው፤ ካሜራ ከመጣ ግን ሰው ወዲያው ያውቀዋል። በብዙ ቦታ ለድምፅ ሲባል ዋጋ ያለው ነገር መስጠትን ሕግ ይከለክላል፤ ስለዚህ የሚጠርግ ሰው ባጅም ወረቀትም ሳይዝ ይጥረግ። በሥልጣን ላይ ያለው ደግሞ የራሱ ሰፈር ቀድሞ እንዳይጠረግ ይጠንቀቅ፤ ቢቻል መጨረሻ ይሁን። አንድ ነገር ግን ከቅስቀሳ በፊት ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ደጃፉ ላይ የእግር ዱካ የሌለበት፣ ጭስም መብራትም የማይታይበት ቤት ካለ ይንኳኳ፤ መልስ ከሌለ ጎረቤት ይጠየቅ፣ ፖሊስ ይጠራ። የዚያ ቤት ስም አጠገብ ዝርዝሩ ላይ ምንም አይጻፍም።

የምርጫው ቀን ራሱ ማዕበል ላይ ከወደቀ ማን ያራዝመዋል የሚለው ቀድሞ ይታወቅ። በአሜሪካው ኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት የትንንሽ ከተሞች ምርጫ በአብዛኛው በማርች ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በማርች 14 ቀን 2017 ከባድ ማዕበል ሲመጣ የብዙ ከተሞች ምርጫ አስፈጻሚዎች ቀኑን አስተላለፉ፤ የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ኃላፊ ደግሞ ሥልጣኑ የላችሁም አሏቸው፤ ክርክሩ እስከ ሕግ አውጪው ደረሰ። ሕጉን ማንበብ የሚሻለው ሰማዩ ሳይጠቁር ነው።

ጣቢያው ካልተዘጋ፣ መኪና ማቆሚያው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጠረግ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው የሚወጣበት መወጣጫ በእጅ አካፋ እስከ ሲሚንቶው ይጽዳ፣ ጨው ይነስነስበት፤ መኪናው እዚያ አይደርስም። ሰልፉ ውስጥ እንዲሆን ጠረጴዛዎቹ ወደ ጓዳ ይጠጉ። መራጩ በእርጥብ ጓንት የያዘው ወረቀት መቁጠሪያው ማሽን ውስጥ ይጣበቃልና በየጠረጴዛው ደረቅ ፎጣ ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ የሚሆነው ይለማመዱት፦ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ወረቀቱ በየትኛው የተቆለፈ ሳጥን ይጠራቀማል። አስፈጻሚዎቹ ከዋዜማው ጀምሮ በእግር የሚደርሱበት ቦታ ይደሩ።

የጠራጊው ሹፌርም መራጭ ነው። በዚያ ቀን ከጣቢያው መክፈቻ እስከ መዝጊያ ከመኪናው አይወርድም። ቀድሞ የሚሰጥ ወይም በፖስታ የሚላክ የድምፅ መስጫ በሚፈቀድበት ቦታ ወረቀቱ ትንበያው በተሰማ ዕለት እጁ ይግባ፤ በማይፈቀድበት ቦታ የፈረቃው ለውጥ የሚደረገው ጣቢያው በር ላይ ይሁን።