ጠግቦ የጠወለገው ፍራንጂፓኒዬ

ፍራንጂፓኒውን የተከልኩት ከአክስቴ ግቢ ከቆረጥኩት፣ ክንድ ከሚያህል ቅርንጫፍ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለው ቤቷ ማታ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ የአበባው ሽታ ግቢውን ይሞላው ነበር። አበባው ሲመሽ ይበልጥ የሚሸተው የእሳት ራቶችን ለመሳብ ነው፤ የሚቀስሙት ጣፋጭ ፈሳሽ ግን የለውም። ያንን ሽታ እኔም በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት በጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በደስታ አደገ። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ገባ። በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ሲመሽም ግድግዳው ቀን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። ቅጠሎቹ ቀትር ላይ ይጠወልጉ ጀመር። ውሃ ጠማው ብዬ ጠዋት አጠጣሁ፤ ማታም ደገምኩ። በጠወለገ ቁጥር ጨመርኩለት። ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ እየሆኑ ረገፉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ14 ቅጠል 3 ብቻ ቀረ። ተጨንቄ አንድ እፍኝ ዩሪያ ጨመርኩበት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሲበዛ ጤነኛ ሥርን እንኳ ያቃጥላል። ለታመመ ተክል ያንን መስጠቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የደረሱልኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ግቢያቸውን በአበባ የሞሉ ሰው። ቅጠሎቹን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ጎንበስ ብለው ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እንደ በሰለ ሙዝ ወደ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ ይህ የጠማው አይደለም፤ ጠግቦ ነው የታመመው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ቅጠሉ ለምን ጠወለገ?»

«ሥሩ ከበሰበሰ በምን ይጠጣ?»

በጥማትና በጥጋብ የሚመጣው የቅጠል ጥውልግና ለዓይን አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ግንዱ ላይ ነው። የጠማው ግንድ ይሸበሸባል እንጂ ጥንካሬውን አያጣም፤ የበሰበሰው ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ፍራንጂፓኒ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተክል ነው፤ እዚያ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ውሃውን በወፍራም ግንዱ አምቆ ይቆያል። ይህን ባውቅ ኖሮ በቀን ሁለት ጊዜ አላጠጣውም ነበር።

ባልዲውን ገልብጠን ስናወጣው አፈሩ ረግረግ የሸተተ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሥሮቹ ቡናማ ናቸው፤ ስነካቸው ቅርፊታቸው እየተላጠ በጣቴ ላይ ቀረ። በምዕራብ በኩል፣ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠውን ባልዲ ያን ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስዳስሰው መዳፌን ላሳርፍበት አልቻልኩም። ሥሩ ውስጡ ታፍኖ፣ ከዚያም በላይ ተቀቅሏል ማለት ነው።

ቢላዋውን በአልኮል ጠርጌ ግንዱን ከታች በስስ በስሱ ቆረጥኩት። የመጀመሪያው ቁራጭ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቡናማ፣ በአምስተኛው ላይ መሀሉ ንጹሕ ነጭ ሆነ፤ ነጩ ወተቱም ተንቆረቆረ። ያ ወተት ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ልጆች አጠገብ አይሁኑ፤ እጅም ወዲያው ይታጠብ። የቀረኝ አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ነው። ቁስሉ ላይ የደቀቀ ከሰል ነስንሼ ግድግዳ ጥግ ጥላ ውስጥ አቆምኩት። 12 ቀን ውሃ ሳይነካው ቆይቶ ቁስሉ ጠግጎ ቅርፊት ያዘ። እነዚያ ቀናት ከበዱኝ፤ እጄ ውሃ መቅጃውን እየፈለገ ነበር።

አዲሱ አፈር ሁለት ቆርቆሮ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ ቆርቆሮ ጠጠር፣ አንድ ቆርቆሮ ብስባሽ ነው። ዕቃውም ከሥሩ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ሆነ፤ ሸክላ እርጥበትን በጎኑ ያተነፍሳል። በሦስት ድንጋይ ላይ እንደ ምጣድ ጎልቼው ከሲሚንቶው አራቅሁት፤ ወደ ምሥራቅ በኩል አዛወርኩት። ፀሐይ ካላገኘ አያብብምና ጥላ ውስጥ አልደበቅሁትም፤ ከንጋት እስከ ቀትር ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይከልለዋል።

በ6ኛው ሳምንት ጫፉ ላይ የድመት ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ባየሁት ጊዜ አለቀስኩ። ቅጠሉ ሲዘረጋ ማጠጣት ጀመርኩ፤ የማጠጣው ግን በቀን ቆጠራ አይደለም። ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ እስከ ታች ሰክቼ ሳወጣው እርጥበት ከያዘ እተወዋለሁ፤ ደርቆ ከወጣ ከሥር እስኪፈስ ድረስ አጠግበዋለሁ። በሙቀቱ ወራት ይህ በአራት ወይም በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ይሆናል። ማዳበሪያ ያገኘው ሦስት ቅጠል ከዘረጋ በኋላ ነው፤ እሱም በውሃ የቀጠነ የብስባሽ ጭማቂ ብቻ። አንድ ጊዜ ቅጠሉ ላይ ብናኝ የመሰሉ ቢጫ ነጠብጣቦችና ከሥሩ ስስ ድር አየሁ፤ ሙቀትና ድርቀት የሚወደው የሸረሪት ዘመድ ተባይ ነው። የቅጠሎቹን ጀርባ ለሦስት ምሽት በቀጭን የሳሙና ውሃ ጠረግሁና ለቀቀው።

ኅዳር ላይ እንደገና ቅጠሉን ማራገፍ ጀመረ። ግንዱን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ጠጣር ነበር። ውሃ መቅጃውን ወደ ቦታው መለስኩት።