ከሳቢያን እስከ ከዚራ

ዛሬ ከሰዓት ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በዚያ የድሬ ሙቀት ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ስልኳ ሲጠራ ሻሹ ወረደ። ግራ ዓይኗ አብጦ ጠቁሯል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም፣ በር መታኝ አቦ።" (ይሄ በር ስንቷን ነው የሚመታው?)

ከወዲያ በኩል ያሉት እናት እጇን ያዝ አድርገው "ባልሽ ነው አይደል? ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው" አሏት። ክፋት የለባቸውም። እሳቸውም ችለው ነው ያረጁት መሰለኝ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ሚስትን መምታት ወንጀል መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚራ ዛፎቹ ስር ወረድን። ቦርሳዬን ስፈትሽ የእኔንም ሒሳብ ከፍላ ሄዳለች።