የዓመትና የደመወዝ ሂሳብ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። "አጎቴ፣ ሕክምና ልግባ ወይስ ሶፍትዌር?"

ገጹን ለሁለት ከፍላ በአንድ በኩል የትምህርት ዓመት፣ በሌላው ደመወዝ ጽፋለች። ሕክምና 6 ወይም 7 ዓመት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ ሌላ 3 ወይም 4። ሶፍትዌር 4 ወይም 5። ደመወዙን ለዓመቱ አካፍላ መልሱን ሁለቴ አስምራበታለች። ልጅቷ ቀልድ አታውቅም!

አንድ ነገር ግን ረስታለች። እኩዮቿ ደመወዝ መቀበል ጀምረው እሷ ገና ለፈተና የምታድርባቸው ሌሊቶች ሂሳቡ ውስጥ የሉም። እሱንም አስገቢው አልኳት። ላጲሷን አንስታ ሙሉውን አጠፋችና እንደገና ጀመረች።

(እኔ በሷ ዕድሜ ጓደኛዬ የገባበትን ነው የገባሁት። ሂሳብ የለ፣ ምን የለ።)

ለሦስተኛ ጊዜ ስታካፍል ቀና አለችና "ደም ሳይ ግን ያዞረኛል" አለችኝ።

ምናለ ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ!