ጀበና በሻንጣ፣ ካፖ በትሪየስቴ

ከጅማ ስነሣ እማዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከሸጎጠቻቸው ነገሮች መካከል በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ጀበና፣ ተቆልቶ የተወቀጠ አንድ ኪሎ ቡና፣ ስድስት ስኒ እና አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገኙበታል። ጣሊያን ውስጥ ራቬና ወደብ ላይ የሽርሽር መርከብ ስንሳፈር ጀበናውም ቡናውም ፍተሻውን ሲያልፉ ምድጃዋ ግን ተያዘች፤ በባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ እሳት ስለሚፈራ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ በመኝታ ክፍል ውስጥ ክልክል መሆኑ ተነግሮን፣ በመጨረሻው ቀን ስንወርድ እንድንረከባት ደረሰኝ ተሰጠን። ቦሎኛ የምትኖረውና የሰባቱን ሌሊት ጉዞ ወጪ ችላ የጋበዘችኝ ታላቅ እህቴ፣ "ለእማዬ እንዳትነግራት" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ መርከባችን ትሪየስቴ ቆማለች። ትልልቅ መርከቦች በቬኒስ ከተማ ጎን በሚያልፈው የጁዴካ ቦይ እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ስለተከለከሉ፣ ብዙዎቹ እንደ ራቬናና ትሪየስቴ ወዳሉ ወደቦች ዞረዋል። ቬኒስን ባለማየቴ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ከመርከቧ ቁርስ ቤት ማሽን የቀዳሁት ቡና ደግሞ ቅሬታዬን አባሰው፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ መናገር ቡናን ማማት ይሆናል።

ከመርከብ ስንወርድ በር ላይ የቆመው ዘብ የክፍላችንን ካርድ በመሣሪያ አነበበና አሰናበተን፤ እህቴም "አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መመለስ አለብን" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን በሦስት ጎኑ በሕንፃ ተከቦ በአራተኛው ለባሕር የተከፈተ እጅግ ሰፊ አደባባይ ውስጥ ገባን። የጣሊያንን አሠራር የማውቀው ከጅማው ፈረንጅ አራዳ ስለነበር ያንኑ ጠብቄ ነበር፤ ትሪየስቴ ግን ጨርሶ ሌላ ናት። ከተማዋ ከኦስትሪያ ወደ ጣሊያን የዞረችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሆኑ፣ ግርማዋ የሮም ሳይሆን የቪየና ነው። ከአደባባዩ አጠገብ ወደ ባሕሩ ረዝሞ የገባው የድንጋይ መራመጃ እንኳ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1740 እዚያው በሰመጠ ሳን ካርሎ በተባለ መርከብ ስብርባሪ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ከሥሩ ጋኔን አለ ተብሎ ማንም አይረግጠውም ነበር።

ቡና ቤት ገብተን እህቴ በለመደችው ጣሊያንኛ ማኪያቶ አዘዘች። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ አረማት። በዚህ ከተማ ጥቁሩ ቡና "ኔሮ"፣ ማኪያቶው "ካፖ"፣ በብርጭቆ የሚቀርበው ማኪያቶ ደግሞ "ካፖ ኢን ቢ" ይባላል፤ "ቢ" ብርጭቆ ለሚለው የጣሊያንኛ ቃል ምህፃር ነው። ሃያ ዓመት ጣሊያን የኖረችው እህቴ ይህን አልሰማችም። ሲመጣ ግን ጅማ ውስጥ "ጠቆር ይበል" ብዬ የማዝዘው የብርጭቆ ማኪያቶ ራሱ ነበር።

ትሪየስቴ ከቡና ጋር የተዛመደችው የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1719 ነፃ ወደብ ብሎ ካወጃት በኋላ ሲሆን፣ የቡና ንግዱ ዛሬም አለ፤ ኢሊ የተባለው ስመ ጥር ቡና ቆዪ ድርጅትም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1933 እዚሁ ነው። አባቴ ቡና ሰብሳቢ ስለነበር ልጅነቴ ያለፈው በጀንፈል ሽታ ውስጥ ነው፤ ጆንያ ተጭኖ መኪናው ሲነሣ "የት ይሄዳል?" እለው ነበር፣ እርሱም "ባሕር ማዶ" ይለኝና ሒሳቡን ይቀጥላል። ያ ባሕር ማዶ ለእኔ ቦታ አልነበረም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በቀይ ባሕርና በስዊዝ አልፎ ወደ እነዚህ ወደቦች የሚገባውን ጭነት እያሰብኩ፣ አባቴ አንዲት ቀን እንኳ እዚህ ቆሞ አንድ ካፖ ቢጠጣ ምን ይል ይሆን እያልኩ ተከዝኩ። ዋጋውን ሰምቶ ይቆጣ ነበር።

ትካዜዬን ያቋረጠው ሰዓቱ ነው። ረፋዱ እየገፋ ለአምስት ተኩል ሩብ ጉዳይ መሆኑን ሳይ ደንግጬ እህቴን እጇን ይዤ ወደ ወደቡ አስሮጥኳት፤ ግማሽ መንገድ ከደረስን በኋላ ነው እርሷ የተናገረችው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩልን መሆኑ የገባኝ። ሳቋ እስከ ምሳ አልበረደም። (ለመጓዝ ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንደ እኛዋ መርከብ ሞንቴኔግሮ ደርሳ የምትመለስ ከሆነ በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም ከሼንገን ክልል ወጥቶ መግባት ስለሚሆን፣ ቪዛችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።)

አመሻሽ ላይ መርከቧ ስትነሣ፣ በሜክሲኮ ነግሦ እ.ኤ.አ. በ1867 የተረሸነው የኦስትሪያ ልዑል ማክሲሚሊያን ያሠራው ነጩ የሚራማሬ ቤተ መንግሥት ከሩቅ ታየን። እኔ ግን ሐሳቤ ጀበናው ላይ ነበር።

ክፍላችንን የሚያሰናዳው ወጣት የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ልጅ ነው። ስለ ምድጃዋ ስንነግረው ምንም ሳይመልስ ሄደና የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ይዞ ተመለሰ። ውኃውን ጀበናው ውስጥ ገልብጠን ቡናውን ጨመርንና በፎጣ ጠቅልለን ጠበቅን። አልሰከነም፤ አተላው ከስኒው አፍ ድረስ ወጣ። ልጁ ሥራ ላይ ስለሆነ በር ላይ እንደቆመ አንድ ስኒ ጨለጠና በጨዋ ደንብ "ጥሩ ነው" አለን።

እህቴ ጀበናውን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ ከኋላው ባሕሩ እንዲታይ አድርጋ ፎቶ አነሣችና ለእማዬ ላከችላት። መልሱ ብዙም አልቆየ።

"እሳቱስ የታለ?"