ላይኞቹን ማን አወረዳቸው?

በኤግዚቢሽን ሥራ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ፎቶ ሲሰቀል መሃሉ ከተመልካቹ ዓይን ጋር እኩል ይሆናል። ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶና ሥዕል ስሰቅል የኖርኩት በዚሁ ልክ ነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ አንገት አያደክምም። የላሊበላ የገና ፎቶዎች ሲመጡልን ግን አልሠራም።

አዘጋጆቹ የአሰቃቀሉን ዕቅድ ልከውልናል። ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች አሉ። አንደኛው የቤተ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን የከበበው አለት ጠርዝ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ፣ ነጭ ለብሰው የተደረደሩትን አገልጋዮች ያሳያል። ሌላው ታች ግቢው ውስጥ የቆሙትን። በዕቅዱ መሠረት ጎን ለጎን፣ እኩል ከፍታ ላይ ተሰቀሉ። ለዓይን ያምራሉ።

ማታ የሕንጻው ጥበቃ ዞር ዞር እያሉ ያዩ ነበር። የላስታ ሰው ናቸው። ሁለቱ ፎቶዎች ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ እነዚህን ለምን አወረዳችኋቸው?»

«የትኞቹን ጋሼ?»

«ላይኞቹን ነዋ። መላእክቱን።»

ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ነው፤ የንጉሥ ላሊበላም ልደት በዚያው ቀን ይከበራል። ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ካደሩ በኋላ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይዘመራል። ጠርዙ ላይ ያሉት መላእክትን፣ ታች ያሉት እረኞችን፣ የሰውን ልጅ ይወክላሉ። ላይኞቹ ሲሉ ታችኞቹ ይቀበላሉ። ይህን እኔም በወሬ አውቀው ነበር። ጋሼ ግን ዱላቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ወጡና ያሳዩኝ ጀመር። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ።

«እዚያ ስትቆም ገደሉ ከፊትህ ነው» አሉኝ። «ሜዳ ላይ እንደምትወዛወዘው አትወዛወዝም። እግርህን ታጸናለህ፤ ከወገብህ ነው ዝቅ የምትለው። ዓይንህ ደግሞ ታች ያለው ወንድምህ ላይ ነው።»

እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ላሊበላ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተካበም። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ቤተ ማርያም ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረበው። ስለዚህ መላእክቱን የሚወክሉት የቆሙበት ጠርዝ ማንም የሚረግጠው የድሮው መሬት ነው። ሰማይን ለማሳየት ማማ አላስፈለገም፤ ምድሩ ዝቅ ተደረገ። ያንን ከፍታና ዝቅታ ከወሰድንበት የዘማሪው ማጎንበስ ራሱ ትርጉም ያጣል። ለማን እንደሚያጎነብስ አይታወቅማ።

ጠዋት ለአዘጋጆቹ ተወካይ ነገርኳት። መክፈቻው ከሰዓት ስለነበር ደነገጠች። «ሰው አንገቱን ያመዋል» አለች። ላሊበላም ታች ያለው ሰው አንገቱን አቅንቶ ነው የሚቀበለው አልኳት። ፎቶ አንሺው ጋ ደወለች። እሱ ወዲያው ተስማማ። የላይኞቹን ፎቶ ፎቁ ላይ ካለው መከለያ ቁልቁል እንዲንጠለጠል አደረግነው። የታችኞቹን ከሥሩ ግድግዳው ላይ። መሃላቸው ባዶ ቀረ። ተወካይዋ ባዶው ቦታ ላይ ጽሑፍ ለመለጠፍ ፈልጋ ነበር፤ እንዳይነካ ለመንኳት፤ እሺ አለች።

ስለ ገና የሚሠሩ ብዙ ቪዲዮዎች ፊት ብቻ አቅርበው ያሳያሉ። ላብ፣ ጥምጥም፣ ጽናጽል። አለቱ የለም። በሌላ በኩል ድንጋዩን ብቻ፣ ሰው አልባ አድርገው የሚያነሱ አሉ። ሁለቱም ይቆጨኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ሕንጻዎች ዛሬም የሚዘመርባቸውና የሚቀደስባቸው ናቸው።

አሁን የክብረ በዓል ፎቶ ሲመጣልኝ ከመስቀሌ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሰዎቹ የቆሙት ምን ላይ ነው? የሚያዩት ወዴት ነው? ፊት ለፊታቸው ማን አለ? ፎቶ አንሺው ካላስታወሰ የአገሩን ተወላጅ ፈልጌ እጠይቃለሁ። የጥምቀት ፎቶ ከጎንደር ሲመጣም መጀመሪያ የጠየቅኩት ውኃው በየት በኩል እንደሆነ ነበር።