የካርቶኑን ጀርባ ሳላነብ የገዛኋቸው አምፖሎች

የቤቴን አሮጌ አምፖሎች በሙሉ የቀየርኩት በአንድ ቀን ነው። ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያው ነው። አብዛኞቹ ቢጫ የሚያበሩ፣ ውስጣቸው ሽቦ ያለባቸው ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች ነበሩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «9 ዋት፣ ደማቅ ነጭ» የሚል ኤልኢዲ፣ ያ ባለ ሽቦ ያልሆነው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላ አምፖል፣ አየሁና አሥራ አንድ ፍሬ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት፣ ገዝቼ ገባሁ። ማታ ሳበራቸው ሳሎኑ ቁርጥ ክሊኒክ መሰለ። ባለቤቴ ከበር እንደገባች ቆም ብላ ዙሪያውን አየችና «ተራ እንያዝ እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ ነው ካርቶኑን ከቆሻሻው ውስጥ አውጥቼ ጀርባውን ያነበብኩት። በትንንሽ ፊደል 6500 ኬ ይላል። ኬልቪን ማለት ነው፤ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ቁጥር። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሳባል፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል 2700 አካባቢ ነው። ዕድሜ ልኩን 2700 የለመደ ዓይን ይዤ ነው እንግዲህ በአንድ ሌሊት 6500 ውስጥ የገባሁት። አሁን ሳሎንና መኝታ ቤቱ 2700፣ ኩሽናና የሥራ ጠረጴዛው 4000 ነው። 6500ን መኝታ ቤቱ የሚሰቅል ሰው አለ፤ ይመቸው፣ እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዋትም አታሎኛል። «60 ዋት» ሲባል የብርሃን መጠን የሚመስለን ከልምድ ነው እንጂ ዋት አምፖሉ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው አምፖል ደግሞ ከሚበላው አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፤ ብርሃን የሚሆነው ከአሥር አንዱ እንኳ አይሞላም። እውነቱን ለመናገር ምድጃ ነው፣ በዚያው መንገድ የሚያበራ። ብርሃኑ ራሱ የሚለካው በሉመን ነው። ባለ 40 ዋቱ የድሮ አምፖል 450 ሉመን ገደማ ይሰጣል፣ ባለ 60ው 800፣ ባለ 75ቱ 1100፣ ባለ 100 ዋቱ ደግሞ 1600። እነዚህን ቁጥሮች ስልኬ ላይ ጽፌ ነው አሁን ልገዛ የምወጣው። ለሁለተኛ ጊዜ ስገዛ ፊቱ ላይ «ከ60 ዋት ጋር እኩል» የሚል አምፖል አንስቼ ገልብጬ ሳየው፣ ጀርባው 560 ሉመን ይላል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቀለሙን አስተካከልኩ፣ መጠኑን አስተካከልኩ፣ ጨረስኩ ስል ሌላ መጣ። 2700 ነው፣ 800 ሉመን ነው፣ ግን የእንጨት ጠረጴዛችን አመድ መስሏል፣ የሰው ፊት ሁሉ ከሕመም የተነሳ ይመስላል። ለካ ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቁራጭ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ፎስፈር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይለውጠውና ሁሉም ተደባልቀው ነጭ ሆነው ይታዩናል። ፎስፈሩ ላይ ከተቆጠበ ቀዩ ያንሳል። ቀይ ሲያንስ እንጨትም፣ የሰው ቆዳም፣ ቀይ ልብስም ይደበዝዛል። ይሄን የሚለካው ቁጥር ሲአርአይ ይባላል። ከፍተኛው 100 ነው፣ የድሮው አምፖል እዚያው አካባቢ ነው፣ ብዙው ኤልኢዲ ግን 80 ላይ ይቆማል። 90 እና ከዚያ በላይ ያለውን ሳሎንና መስታወት ያለበት ቦታ ላይ አድርጉት፤ ለኮሪደርና ለዕቃ ቤት 80 ይበቃል፣ መጥረጊያ ቀለሙ ቢደበዝዝ ማን ይከፋዋል?

በጣም ያናደደኝ ግን የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ጣሪያው ላይ ዙሪያውን የተዘጋ የመስታወት ሽፋን አለ። ካርቶኑ 15,000 ሰዓት ይቆያል ይላል፤ በቀን ሦስት ሰዓት ብናበራው ከ13 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። አምስት ወር ሳይሞላው ሞተ። የተካሁትም እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ መስመሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ሻጩን ረገምኩ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ጀርባውን ሳነብ «በተዘጋ ሽፋን ውስጥ አይጠቀሙ» ይላል። የድሮው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጨዋል፣ የኤልኢዲው ሙቀት ግን ወደ ኋላ፣ ወደ አንገቱ ነው የሚሄደው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለው ዕቃ የተቀመጠውም እዚያው ነው። መውጫ ሲያጣ ቀስ ብሎ ይበስላል። ኤልኢዲው ራሱ ደህና ሆኖ አንገቱ ነው የሚሞተው። አሁን ለተዘጋ ሽፋን ይሆናል ተብሎ የተጻፈበትን ገጠምኩ፣ እስካሁን አለ።

ራስ ምታት ለሚያማችሁ ሰዎች አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አምፖሉን አብርታችሁ በስልካችሁ በስሎው ሞሽን ቅረጹት። ርካሹ ብልጭ ድርግም ሲል በግልጽ ይታያል፤ መደበኛው መስመር 50 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚዋልለው። ዓይን አያየውም፣ እኔን ግን ማታ ሳነብ ግንባሬን ይይዘኝ ነበር። ደህናው አምፖል ቪዲዮው ላይም ጸጥ ያለ ነው።

የኮሪደሩ አምፖል ደግሞ ሲጠፋም አይጠፋም ነበር። ጨለማ ውስጥ እንደ ፍም ጭል ጭል ይላል። ልጄ ፈርቶ ለሦስት ቀን ብቻውን አልሄድም አለ። ጥፋተኛዋ የማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለችው ትንሽ ጠቋሚ መብራት ናት፤ በእሷ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ለድሮው አምፖል ምንም አልነበረችም፣ ለኤልኢዲ ግን ትበቃዋለች። ማብሪያ ማጥፊያውን ጠቋሚ በሌለው አስቀየርኩ፣ ቆመ።

ዲመር፣ ማለትም ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያላችሁ «ዲመብል» (ከዲመር ጋር የሚሠራ) የሚል ካልተጻፈበት አትግዙ፣ እንዲያም ሆኖ አሮጌ ዲመር ኤልኢዲ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስበት ሊያስቸግር ይችላል። ኩሽና ያለውን ረጅም ፍሎረሰንት በኤልኢዲ ቱቦ ለመተካትም አንዳንዱ ከባላስቱ (ለፍሎረሰንቱ ኤሌክትሪኩን ከሚመጥነው ዕቃ) ጋር ይሠራል፣ ሌላው ባላስቱ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ሽቦ መንካት ስላለበት ለባለሙያ ሰጠሁት።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አንድ ብቻ ገዝቶ ሳምንት መሞከር ነው። ከደስታዬ ብዛት ኦቨኑ ውስጥ ያለችውንም ልቀይር ተነስቼ ነበር፣ ደግነቱ ይሄን ጊዜ አስቀድሜ አነበብኩ። ያን ሙቀት የሚችል ኤልኢዲ አምፖል አላገኘሁም። ቤታችን ውስጥ የቀረችው ባለ ሽቦ እሷ ብቻ ናት፣ እዚያው ትሙቅ።